ካቴና የማይገባላቸው መኪኖች

ነዳጅ የጠፋበት ዓመት ነበር። ማደያዎቹ በገመድ ታጠሩ። ታክሲው ቆመ፤ አውቶቡሱ ሲያሻው ብቻ ይመጣ ጀመር። እህል ጭኖ የሚገባ መኪና ስለጠፋ ገበያው ሳሳ፤ በገበያው ጀርባውን አከራይቶ የሚያድረው ሰውም አብሮ ሳሳ። ዝናቡ ብቻ አልጠፋም። ያለቅጥ ዘነበ። መኪኖች ነዳጅ ያለቀባቸው ቦታ ላይ ቆሙ። ባለቤቶቻቸው እየገፉ ከአስፋልቱ ወደ እግረኛው መንገድ አወጧቸውና ሸራ አልብሰዋቸው ሄዱ። ማንም ቅር አላለውም። አስፋልቱ ባዶ ነው፤ ሰው መሀል መሀሉን ይሄዳል።

በዚያ ክረምት አንድ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ የአንድ ተሸካሚ ሚስት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ወደቀች። ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሏት። ከንፈሯም ወደ አንድ ወገን ተንጋደደ። ባሏ አምቡላንስ ጠራ፤ ነዳጅ የለንም አሉት። መኪና ያለውን ጎረቤት ሁሉ በር አንኳኳ። አንዱ አዘነለት፤ አንዱ በሩን አልከፈተም፤ አንዱ ደግሞ የመኪናውን የነዳጅ ሳልባትዮ በጣቱ እየደበደበ ባዶነቱን አሰማው። በመጨረሻ ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ጋራዥ ያለው ሰው ከመጋዘኑ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ይዞ ወጣ። ለራሱ ክፉ ቀን የደበቀው ነበር። አንዲት ጠብታ ሳያስቀር መኪናው ውስጥ ገለበጠው። «ጋሼ፣ ተሸክመህ አምጣት» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሐኪሙ በኋላ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ የቀረውን ዋጠው።

ሴትዮዋ ተረፈች። ሰውዬው ባለዕዳ ሆነ።

ነዳጅ እንደተመለሰ ቀን ሙሉ ተሰልፎ ጀሪካን ሙሉ ቤንዚን ገዛና ወሰደለት። ባለጋራዡ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይኼ ቤንዚን ያኔ የነበረውን ቤንዚን ይሆናል?» አለና መለሰው። እውነቱን ነበር። በጠፋበት ቀን የተሰጠ ነገር በተትረፈረፈበት ቀን አይከፈልም። ተሸካሚው ጀሪካኑን ወደ ቤቱ ሲመልሰው፣ ይዞት ሲሄድ ከነበረው ይልቅ ከበደው።

ክፉው ዘመን አለፈ፤ ያስተማረው ልማድ ግን ቀረ። ሌላው ሰው መኪናውን ከእግረኛው መንገድ ላይ አንስቶ መንዳት ሲጀምር ባለጋራዡ አንድ ነገር አስተዋለ። ከግቢው ይልቅ ከግቢው ውጭ ያለው ይሰፋል። የደንበኞቹን መኪና አንድ በአንድ እያወጣ በግንቡ ጥግ ደረደረ። ሞተሩ የወረደውን፣ ቀለም የሚጠብቀውን፣ ባለቤቱ የረሳውን፣ ሁሉንም። ሰው ዝም ሲለው ረድፉን አስረዘመ። ካንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው ድረስ የእግረኛው መንገድ የጋራዥ ግቢ ሆነ። ማዶ ያሉትም እሱን አይተው ግማሽ ጎማቸውን ጠርዙ ላይ መስቀል ጀመሩ። መሀል የቀረው መንገድ አንድ መኪና በጭንቅ ታክኮ የሚያልፍበት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነው ከተማው ስለ መኪና ማቆሚያ ደንብ ያወጣው። ደንቡ አጭር ነው። ጎማው የእግረኛ መንገድ የረገጠ መኪና ጎማው ይታሰራል፤ ካልተማረ ይጎተታል። ለዚህ ሥራ ሰው ሲፈለግ ተሸካሚው አመለከተ። ዕድሜው ገፍቶ ኩንታሉ ያንገዳግደው ጀምሮ ነበርና ተቀጠረ። ጎማ የሚያስረውን ቢጫ ብረት በጋሪ እየገፋ ዞረ። በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው እናቱ ያወጣችለትን ስም ረስቶ «ካቴና» አለው።

አለቃው የራሱን ሰፈር ነበር የሰጠው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» አለ፤ ብልህ ነገር የተናገረ መስሎት።

በሬውም ያገኘውን በላ። የባንክ ሠራተኛውን መኪና አሰረ። የመምህሯን አሰረ። የገዛ አማቹን መኪና ሲያስር አማቹ «ልጅህን አግብቼ?» ቢለው «እሷን በእግርህ መጥተህ ነው የወሰድክ» አለው። ሰው ጠላው፤ ግን ፈራው። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ጋሪውን እየገፋ ያልፋል። ሰፈሩ ይህን አይቶ ፍርሃቱን ተወ። ጥላቻው ብቻ ቀረ።

«ብላ ጋሼ፣ ብላ» ትለዋለች ባለሱቋ፣ ባንኮኒዋ ላይ በክርኗ ተደግፋ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»

«አልበላሁም።»

«እንግዲያው ምን ብለህ ነው የኔን ወንድም አስረህ እሱን የምትዘለው? መልኩ አምሮህ ነው?»

ጋሪውን ገፍቶ ሄደ። በልቷል ቢባል ይሻለው ነበር። የበላ ሰው ይተፋል።

ከሁሉ የከፋው የባለጋራዡ አባት ነበር። በወጣትነቱ ተሳቢ መኪና ይነዳ የነበረ፣ ሰውነቱ ግንድ የሚያህል ሽማግሌ ነው። የሚያድረው ከጋራዡ ጀርባ ካለው ክፍል ነው፤ ቀኑን ግን የድሮ መኪና ወንበር በሩ ላይ አስጥሎ እዚያው ይውላል። ካቴና ብቅ ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ካቴና! ባለቤትህ ደህና ናት? ያቺ የኛ ቤንዚን?»

ሠራተኞቹ ይስቃሉ። ካቴና «ደህና ናት አባባ» ብሎ ያልፋል።

ደህና ግን አልነበረችም። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። እግር ካልተሄደበት ይረሳል፤ በየቀኑ፣ በተስተካከለ መንገድ፣ እስከ ማዕዘኑ ደርሳ ትመለስ፤ ዘንድሮ ካልተመለሰ ለከርሞ አትጠብቁት። ሴትዮዋ ምርኩዟን ይዛ በየማለዳው ትወጣለች። ከቤቷ እስከ ጋራዡ ድረስ መንገዱ ደህና ነው። እዚያ ስትደርስ ግን የመጀመሪያው መኪና አፍንጫ ይጠብቃታል። ከጠርዙ ወርዳ አስፋልት ውስጥ መግባት አለባት። ያ ጠርዝ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ለእሷ ግን ገደል ነው። ደህናው እግሯ ይወርዳል፤ ያኛው እዚያው ላይ ቀርቶ አልወርድም ይላል። ከወረደ በኋላ ደግሞ ጉድጓዱና የመኪናው ጥሩምባ አለ።

አንድ ማለዳ የሚኒባስ ስፖኪዮ ትከሻዋን መታና ጣላት። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እናቴ፣ አስፋልት ላይ ምን ትሠሪያለሽ? የእግረኛ መንገድ የለም?»

«አለ» አለችው ከወደቀችበት። «መኪና ተኝቶበታል።»

ሽማግሌው በወንበሩ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። አልተነሳም።

ከዚያ ቀን በኋላ አልወጣም አለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን እንደ ሌላ ሰው ልጅ ታየዋለች። ቁርጭምጭሚቷ እየደረቀ አልታጠፍ አለ። ካቴና ቀን ቀን የሰው ጎማ እያሰረ ማታ ማታ እሱን በዘይት ያሻል። በመጨረሻ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ጋራዡ ሄደ።

«ወንድሜ፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ብቻ ክፈትልኝ።»

ባለጋራዡ ከመኪና ሥር ተንፏቆ ወጣና ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ተነሳ። የመኪና ካምቢዮ ሲያነሳ ከተቀጨ ወዲህ ወገቡ ወገብ አልሆነለትም። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ለማን?»

«ለባለቤቴ።»

«እሷንማ አንዴ አሳልፌያታለሁ ጋሼ።»

ካቴና ኮፍያውን አዟዟረ። «እሱን አልረሳሁም።»

«እኔ መቼ ረሳህ አልኩ? ቆጥሬብህ አውቃለሁ?» አለ ባለጋራዡ። እውነት ነው፤ እሱ ቆጥሮ አያውቅም። አባቱ ነበር የሚቆጥርለት። «ይኼ ቦታ ከሌለ እንጀራዬ የለም። እነዚህን የት ልውሰዳቸው? ራሴ ላይ ልከምራቸው? ካልፈለግህ እሰረኝ። ብረቱ በእጅህ ነው። ማን ያዘህ?»

«ማን እንደያዘው ያውቃል!» ጮኸ ሽማግሌው ከበሩ። «ደፍሮ ይሰር እስቲ! ሚስቱን በምን እንደወሰድናት ለአገር ነው የምናገረው!»

«አገሩማ ሰምቷል አባባ» አለ ካቴና። «ከእርስዎ አፍ ያልሰማ አለ?»

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ሚስቱ ነገሩን ሁሉ ከፊቱ ላይ አነበበችው። ሌላ ሴት ብትሆን ታጽናናው ነበር። እሷ ግን ነገር ማድበስበስ አታውቅም።

«ዕዳው የማን ነው?» አለችው።

«የኔ።»

«የተረፍኩት እኔ፣ ባለዕዳው አንተ?»

«የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ እግሩም ያንተ ይሁን። እስቲ ተሸክመኸው ዙርልኝ።» ምርኩዟን ወለሉ ላይ አንኳኳች። «ነፍሷን ሰጠኋት ብሎ እግሯን የሚወስድ ሰው፣ እሱ አልሰጠም፤ ለወጠ እንጂ። አንተ ስትፈራ ነው ውለታ የመሰለህ።»

«ፈርቼ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አሰበበት። «ያን ቀን የዚህ ሰፈር በር ሁሉ ተዘግቶብኛል» አለ። «አንድ ሰው ነው የከፈተ። በዚያ ሰው ላይ እንዴት አድርጌ ነው ብረት የማነሳው? ተመልሼ ሰው አልሆንም።»

መልሱ ትክክል ስለሆነ የበለጠ አናደዳት።

ብዙም ሳይቆይ አለቃው አስጠራው። አቤቱታ በዝቷል። ባለሱቋ በእግሯ ቢሮ ድረስ ሄዳ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ካቴና ጋራዡን በሽርክና ይሠራል ብላለች።

«ሰኞ ራሴ እመጣለሁ» አለ አለቃው። «ያ ረድፍ እንዳለ ካገኘሁት እሱንም አንተንም አንድ ላይ ነው የማስጎትተው። አልተግባባንም?»

«ተግባብተናል።»

ከኋላ መጥቶ መምታት ያልለመደ ሰው ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ጋሪውን ይዞ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። በዚህ ጊዜ ኮፍያውን አላወለቀም።

«ሰኞ አለቃዬ ይመጣል። አንሳቸው። ካላነሳሃቸው አስራለሁ።»

«ታስራለህ?» አለ ባለጋራዡ።

«አስራለሁ።»

ይህን ሲል እውነቱን ይሁን ውሸቱን እሱም አያውቅም ነበር። ባለጋራዡ ዓይን ዓይኑን ሲያየው ቆየና አንገቱን ነቀነቀ፤ አንድ ነገር የመጣለት ሰው አነቃነቅ ነው።

ሽማግሌው ምራቁን ተፋ። «ያን ቤንዚን ምነው እሳት በለቀቅሁበት!»

ከሰዓት በኋላ የጎማ መፍቻ ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አየ። ሠራተኞቹ መኪኖቹን በክሪክ እያነሱ ጎማቸውን ይፈታሉ። ከሥር ብሎኬት ይደረድራሉ፤ መኪናውን ብሎኬቱ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ጎማውን እያንከባለሉ ወደ መጋዘን ያስገባሉ። ረድፉን ሁሉ እንዲህ አደረጉት። እሑድ ሥራ ስለሌለ የበሩን ፊትም ባዶ አልተዉትም፤ አንዲት ቀይ መኪና በሩን አግድማ፣ ግንቡን ልትነካ ምንም ሳይቀራት፣ እሷም ብሎኬት ላይ ተሰቀለች። በጎንዋ ቀጭን ሰው ሆዱን ስቦ ሊሾልክ የሚችልባት ክፍተት ቀረች። ከዚያ ባለጋራዡ መጋዘኑን ቆልፎ ሠራተኞቹን አሰናበተና መንገዱ መሀል ቆሞ እጁን አጨበጨበ።

«ካቴና ለጎማ ነው፤ አይደለም ወይ? ይኸው! ጎማ ያለው መኪና ካገኘህ እሰር!»

ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባለጋራዡን የሚጠሉት ሳይቀሩ ሳቁ። ባለሱቋ እንባዋን እየጠረገች «ጋሼ፣ ብሎኬቱን እሰረው» አለች። ካቴና ጋሪውን ገፍቶ ሄደ። የተናደደ አይመስልም ነበር። ሲያስበው እንዲያውም ቀለል ብሎታል፤ ሰኞ ላስር ወይስ አላስር እያለ እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር አልቀረም። ያ ቀለል ማለቱ ነው በኋላ ያሳፈረው።

እሑድ ጠዋት መኪና ስለማይበዛ ሚስቱ እንሞክር አለችው። ክንዱን ይዛ አስፋልቱ ላይ፣ በብሎኬት ላይ በተሰቀሉት መኪኖች ጎን ለጎን፣ አንድ እግሯን እየጣለች አንዱን እየጎተተች ትሄዳለች። «ገበያ ላይ የተሰቀለ ሥጋ መሰሉ» አለች መኪኖቹን እያየች። እሱ ሊስቅ ሲል ከጋራዡ ግቢ ውስጥ ጩኸት ሰሙ።

ባለጋራዡ ነበር። በክፍተቷ ሾልኮ ወጣ፤ ሸሚዙ በበሩ ብረት ተያዘና ተቀደደ። «አባቴ! ደረቱን ያዘው! ትንፋሽ አጠረው!» ስልኩ እጁ ላይ ነበር። ደውሏል። ከዚያ መንገዱን ላይና ታች አየ፤ መኪናው ግቢ ውስጥ ነው፤ ቀይዋ መኪና በሩ ላይ ናት። ጫፏን ይዞ ሊገፋት ተንደረደረ። ጎማ የሌለው መኪና ወዴት ይገፋል? ብሎኬቱ ተንቋቋ እንጂ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ሲገፋ ወገቡ ቀጥ አደረገውና ኮፈኗ ላይ ተደፋ።

አምቡላንሱ ፈጥኖ መጣ። ነዳጅ ሞልቶ ነበር። ግን ማዕዘኑ ላይ ደርሶ ቆመ። በሁለቱ ረድፎች መሀል የቀረው መንገድ ለትከሻው አልበቃውም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ለማን እንደሚነፋ ግን እሱም አያውቅም። አንዲት ቀጭን ነርስና ሾፌሩ ቃሬዛ ይዘው በሩጫ መጡ። ነርሷ ቦርሳዋን ይዛ በክፍተቷ ገባች። ቃሬዛው ግን አልገባ አለ። በኮፈኗ ላይ አሳልፈው አስገቡት።

ያስገቡትን ቃሬዛ ሽማግሌው ተኝቶበት ማውጣት ሌላ ነገር ሆነ። ሾፌሩ ከፊት፣ ነርሷና ባለጋራዡ ከኋላ ሆነው ወደ ኮፈኗ ሊያወጡት ሞከሩ። ባለጋራዡ ወገቡ ከዳው። ቃሬዛው አዘመመ፤ ሽማግሌው ሊወድቅ ሲል ነርሷ በደረቷ ደገፈችው። ከውጭ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ልግባ ልግባ ቢልም በዚያች ክፍተት ማን ይገባል? በኮፈኗ ላይ የዘለለ አንድ ጎረቤትም ቃሬዛውን ሊያግዝ ቢሞክር በበሩና በመኪናዋ መሀል ሁለት ሰው የሚቆምበት ቦታ አጥቶ ተመለሰ።

«ደቂቃ የለንም!» አለች ነርሷ። «ብቻውን የሚሸከም ሰው ስጡኝ!»

ካቴና ሚስቱን አየ። ክንዱን እንደያዘች ናት።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «የምደገፍበት መኪና ሞልቷል።» ክንዱን ለቀቀች።

ኮፈኗ ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ ወረደ። «አውርዱት» አለ። ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለ። ዕድሜ ልኩን ኩንታል ሲያነሳ የኖረው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጉልበት፣ ከዚያ ትከሻ፣ ወገብ መጨረሻ። ሽማግሌውን ጀርባው ላይ ጫኑለት። ክብደቱ ወረደበት። ከኩንታል የሚከፋው ኩንታል ስለማይንቀጠቀጥ ነው።

«ማነው?» አለ ሽማግሌው፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ካቴና?»

«ይያዙኝ።»

«በፈጣሪ… ሌላ ሰው… ጠፋ?»

«ጠፋ። አንገቴን ይያዙ።»

አንገቱን ያዘ። እንደ መሪ ጨበጠው። ካቴና አንድ እግሩን የመኪናዋ መከላከያ ፓራውልት ላይ፣ ሌላውን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ። ቆርቆሮው ጓ ብሎ ሰመጠ። ከደንበኛ መኪና ላይ አቧራ በእጁ የሚያራግፍ የነበረው ባለጋራዡ ከኋላ «ርገጠው!» እያለ ይጮሃል። «ርገጠው ጋሼ! ስበረው!» ካቴና ረገጠው። ከዚያ ሁለት ሰው ከውጭ ክንዱን ይዞ አወረደው።

አስፋልቱ ላይ ሾፌሩ ቃሬዛውን ዘረጋ። ሽማግሌው ግን ጣቶቹን አልፈታ አለ።

«ይልቀቁ አባባ፣ ይተኙ» አለች ነርሷ።

«አልለቅም።»

«ተይው» አለ ካቴና። «ልሂድ።»

ሄደ። በጉድጓዶቹ መሀል፣ በሁለቱ ረድፎች መሀል፣ ሚስቱ ያን ማለዳ በወደቀችበት መንገድ። ነርሷ ከጎኑ እየሮጠች በሽማግሌው አፍ ላይ የኦክስጅን ጭንብል ትይዛለች። ሽማግሌው በጭንብሉ ሥር ያጉረመርማል። «ወደ ግራ… ጉድጓድ አለ… ፍሬን ያዝ… ነጂ አይደለህም አንተ…» ጥፍሩ የካቴናን አንገት ቀደደው። ደም በኮሌታው ወረደ።

መሀል መንገድ ላይ ሚስቱ ቆማ ነበር። ማሳለፍ አለባት፤ ግን የምትወጣበት ጠርዝ ላይ ሁሉ መኪና ተሰቅሏል። ምርኩዟን አቅፋ ጀርባዋን አንድ መኪና በር ላይ ለጠፈችው። ካቴና እሷን ሊነካ ምንም ሳይቀረው በጎን ተዟዙሮ አለፈ። ሽማግሌው ዓይኑን ገልጦ አያት። እሷም አየችው። ያ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤንዚን አላነሳም።

አምቡላንሱ ጋ ሲደርሱ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈትተው አስተኙት። ነርሷ ከውስጥ ሆና አንድ ነገር ወጋችው፤ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፈች፤ የማሽኑን ድምፅ አዳመጠች። «ደርሰናል» አለች ሳትዞር። «ልብ አለ። ልጁ ማነው? ግባ።»

ባለጋራዡ ወገቡን ይዞ እያነከሰ ደረሰ። አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳርፎ ወደ ካቴና ዞረ። ፊቱ በላብና በእንባ ታጥቧል።

«ጋሼ… እኔ…»

«አታመስግነኝ» አለ ካቴና። ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። «ለአንተ ብዬ አይደለም። ይኼ የባለቤቴ ነው። መልሼልሃለሁ።»

ባለጋራዡ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ሲገባው ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ተሰበሰበና ጠፋ።

«አሁን? እዚህ ላይ?»

«እዚህ ላይ። ተቀብለሃል ወይስ አልተቀበልክም?»

«እንሂድ!» ጮኸች ነርሷ።

«እሱ ይናገርና ትሄዳላችሁ። ተቀብለሃል?»

የተሰበሰበው ሰው ጠጋ ጠጋ አለ። ባለሱቋም እዚያ ነበረች፤ አፏን በእጇ ይዛለች። ባለጋራዡ ወደ ውስጥ አባቱን አየ፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ካቴናን አየው። ያየው እንደ ጠላት ነው፤ እንደ እኩያ ጠላት።

«ተቀብያለሁ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ሰው ይስማ፤ ተቀብያለሁ። ምንም የለብህም። ምንም የለብኝም።»

«እንግዲያውስ ነገ ከአለቃዬ ጋር ክሬን አስመጣለሁ። ጎማ አይፈልግም። ከነብሎኬቱ ያነሳቸዋል።»

«አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ?»

«ተኝቶ።»

«ከዛሬ በኋላ ጋሼ ብዬ አልጠራህም።»

«አትጥራኝ።»

በሩ ተዘጋ። አምቡላንሱ ወደ ኋላ እያለ ከማዕዘኑ ወጣና ጥሩምባውን እየነፋ ሄደ። ሰው ለካቴና መንገድ ለቀቀለት። አንዱ ትከሻውን መታ ሊያደርገው እጁን አነሳ፤ ፊቱን አይቶ መለሰው። ካቴና በመሐረብ አንገቱን እየጠረገ ወደ ሚስቱ ሄደ። መኪናው በር ላይ እንደተለጠፈች ናት፤ ደህናው እግሯ ይንቀጠቀጣል።

«ምን አለህ?» አለችው።

«ተቀበለ» አላት።